ግማሽ ተከላካይ፣ ግማሽ ቡና አድራቂ

ሬዲዮ ላይ ቀርቤ አውቃለሁ። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ለትንሽ ጉራ ነው። ጋዜጠኛው «ወደ ፕሮፌሽናል እግር ኳስ እንዴት ገባህ?» ብሎ ሲጠይቀኝ ጉሮሮዬን ጠርጌ «በጠንካራ ሥራ፣ በዲሲፕሊንና በፈጣሪ እርዳታ» አልኩት። ተጫዋች ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው። ማይክሮፎን ሲጠጋን የሁላችንም አፍ አንድ ይሆናል። ቤት ስገባ ባለቤቴ አስቴር ፕሮግራሙን ሰምታ ኖሮ ሆዷን ይዛ እየሳቀች ጠበቀችኝ።

«የደመናውን ነገር ለምን አልነገርከውም?» አለችኝ።

እንዴት ብዬ ልንገረው? በሬዲዮ የሚነገር ነገር አይደለም። ለእናንተ ግን እነግራችኋለሁ፤ እናንተ ማይክሮፎን የላችሁም።

ከሦስት ዓመት በፊት ዲላ ውስጥ ግማሽ ፕሮፌሽናል ነበርኩ። ግማሽ ፕሮፌሽናል ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ካለ ላስረዳ። የግራ መስመር ተከላካይ ነኝ፤ ክለቡ የሚከፍለኝ ለግራ እግሬ ብቻ ነበር። የቀረውን ሰውነቴን የማበላው ራሴ ነኝ። ስለዚህ ጠዋት ልምምድ እሠራለሁ፣ ከዚያ ባጃጅ ላይ ተንጠልጥዬ ጪጩ እወርድና ጋሽ ሸምሱ ቡና ማጠቢያ ውስጥ የአልጋ ተቆጣጣሪ እሆናለሁ። አልጋ ስል ሰው የሚተኛበት አይምሰላችሁ። የታጠበ ቡና የሚሰጣበት፣ በእንጨት ቋሚ ላይ የተወጠረ ረጅም ወንፊት ነው። ሴቶች ግራና ቀኝ ቆመው የተበላሸውን ፍሬ ይለቅማሉ። አስቴርም ከለቃሚዎቹ አንዷ ነች፤ የተዋወቅነውም እዚያው አልጋ ላይ ነው። ይህን ስናገር እሷ ሁልጊዜ «አልጋው አጠገብ በል!» ትለኛለች።

የእኔ ሥራ መሸፈንና መግለጥ ነው። የታጠበ ቡና ከአራስ ልጅ አይለይም። ፀሐይ ሲበረታበት ይሸፈናል፣ ሲቀዘቅዝ ይገለጣል፣ ደመና ሲመጣ ደግሞ ሰው ሁሉ ያለውን ጥሎ እየሮጠ ፕላስቲክ ያለብሰዋል። አንዴ ዝናብ ከነካው ሽታው ይለወጣል። ሽታው የተለወጠ ቡና ደግሞ ገዢ አፍንጫውን ይነፋበትና ወደ ሌላ ይሄዳል፤ የገበሬው፣ የለቃሚዎቹና የጋሽ ሸምሱ የዓመት ልፋት እዚያው ያልቃል። ስለዚህ እኛ አካባቢ በቡና ወቅት ሰው ሲያወራችሁ ዓይን ዓይናችሁን ካላየ አትቀየሙት። ሰማይ እያየ ነው።

እኔም ሜዳ ላይ ስገባ ከማጠቢያው ገንዳ የመጣ የኮመጠጠ የቡና ገለባ ሽታ ይዤ ነበር የምገባው። ይህ ጉዳት ብቻ አይደለም። አጥቂዎች ብዙም አይጠጉኝም። አንድ የመስመር ተጫዋች እኔን ከማለፍ ይልቅ ኳሱን ወደ ኋላ መልሶ ሲተነፍስ በዓይኔ አይቻለሁ።

ችግሩ ዕድሜዬ ነበር። ቤት ውስጥ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ክለቡ መዝገብ ላይ ግን ሃያ ሦስት። ታናሽ ወንድሜ ሃያ አምስት ስለሆነ በወረቀት ይበልጠኛል። ይህን ካወቀ ጀምሮ ውኃ አቀብለኝ ስለው «ታላቅህን አትዘዝ» ማለት አምጥቷል። ያም ሆኖ ወረቀት ጉልበትን አያድስም። ስለዚህ የዚያ ዓመት የቡና ለቀማ ሲጀመር ለራሴ ቁርጥ አደረግሁ። ዘንድሮ የሚወስደኝ ትልቅ ክለብ ከተገኘ ተገኘ፤ ካልተገኘ ጫማዬን እሰቅልና ጋሽ ሸምሱ የሚሰጡኝን የመጋዘን ኃላፊነት እይዛለሁ። ቋሚ ሥራ ነው፤ ግቢው ውስጥም ሁለት ክፍል ቤት አለው። ለአስቴር ስነግራት «እሺ» አለች። ከዚያ ሌላ አንዲት ቃል አልተናገረችም። ደስ ብሏት ነው ብዬ አሰብኩ። እኔ በዚያን ጊዜ ስለ ሴት ልጅ «እሺ» ምንም የማላውቅ ሰው ነበርኩ።

ሐሙስ ጠዋት ልምምድ ጨርሰን ጫማዬን ስፈታ አሰልጣኝ በየነ ጠሩኝ። አሰልጣኝ በየነ ቀን ቀን የስፖርት መምህር ናቸው፤ እሳቸውም እንደኛው ግማሽ ናቸው።

«ስማ፣ ቅዳሜ ሰውዬው ይመጣል» አሉኝ በሹክሹክታ።

«የቱ ሰውዬ?»

«የትልቁ ክለብ አሰልጣኝ ነዋ! ከአዲስ አበባ። ምንተስኖትን ሊያይ ነው የሚመጣው።»

ምንተስኖት ዘጠኝ ቁጥራችን ነው፤ ጎል አግቢ። ልቤ ከፍ ብሎ የነበረው ዝቅ አለ። «ታዲያ እኔ ምን አገባኝ?»

«ምንተስኖት የሚያገባው አንተ ስታሻማለት አይደል? እሱን ሲያይ አንተን ማየቱ ይቀራል? ሰውዬው ዓይን አለው እኮ! ደግሞ የግራ ተከላካዩ ጉልበቱን ታሟል ሲሉ ሰምቻለሁ። እኔ አልነገርኩህም።»

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እንቅልፍም ምግብም አልነበረኝም ብል ቆንጆ ነበር። ውሸት ነው። ምግቡን በደንብ በልቻለሁ፤ እንዲያውም ያመጣብኝን ጣጣ ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

ዲላ ያለው ሜዳ በዚያ ቅዳሜ ለመንፈሳዊ ኮንፈረንስ ድንኳን ተተክሎበት ስለነበር ጨዋታው ወደ ጪጩ ሜዳ ተዛወረ። ጪጩ ሜዳ ደግሞ ከጋሽ ሸምሱ ማጠቢያ ጋር የሚለየው በአጥር ብቻ ነው፤ አጥሩም ብዙ ጊዜ የለም። እንዲህ መሆኑን ስሰማ ፈቃድ መጠየቅ ቀላል መሰለኝ። ቢሮ ገባሁ።

«ጋሽ ሸምሱ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ፈቃድ ፈልጌ ነበር።»

«ቅዳሜ?» ጋሽ ሸምሱ መነጽራቸውን አወለቁ። መነጽር ሲያወልቁ ጥሩ አይደለም። «አልጋው ሁሉ ጢም ብሎ ሞልቷል እኮ ልጄ! ወላሂ፣ ከቀን ሁሉ ቅዳሜን መረጥክ?»

«እኔ አይደለሁም የመረጥኩት። ትልቅ አሰልጣኝ ሊያየኝ ነው።»

«የት ነው ጨዋታው?»

«እዚሁ፣ ጪጩ ሜዳ።»

ፊታቸው በራ። «ታዲያ ምን ፈቃድ ያስፈልግሃል? እዚሁ ነህ ማለት ነው! አንድ ዓይንህን ኳሱ ላይ፣ አንድ ዓይንህን ሰማዩ ላይ አድርግ።»

«ደመና ከመጣስ?»

«ከመጣ ትሮጣለህ። መሮጥ አይደል ሥራህ?»

«እሮጣለሁ» አልኩ። ቃል ገባሁ። ጋሽ ሸምሱ ስልካቸውን አውጥተው የቅዳሜን የአየር ሁኔታ አሳዩኝ፤ ስልኩ ላይ ፈገግ የሚል ፀሐይ ተስሏል። ሁለታችንም ያቺን ፀሐይ አይተን አመንን። እሷም አላፈረችም፤ እስከ ቅዳሜ ማታ ድረስ ፈገግ እንዳለች ነበረች።

አርብ ከሥራ ስንወጣ የቤተ ክርስቲያናችን ወንጌላዊና ጎረቤቶች ሊጸልዩልኝ ቤታችን መጡ። መሃል ላይ ወንበር አድርገው አስቀመጡኝ፤ ወንጌላዊው ጎንበስ ብሎ እግሬን ያዘና ጸሎቱን ጀመረ። ድምፁ ከታችኛው መንደር ይሰማል። «ጌታ ሆይ፣ ይህችን እግር ባርካት! ይህችን እግር አንሳት!» ይላል። ነገር ግን የያዘው ቀኙን ነው። የግራ እግር ተጫዋች መሆኔን አገር ያውቃል፤ ወንጌላዊው ግን ኳስ አያይም። ጸሎት ላይ ያለ ሰው ደግሞ እንዴት ይቋረጣል? አንድ ዓይኔን ገለጥ አድርጌ ለአስቴር በቅንድቤ ወደ ግራ ጠቆምኳት። እሷ የገባት መስሎኝ ነበር፤ «አሜን!» ብላ ጮኸች። ስለዚህ ለሩብ ሰዓት ያህል ቀኝ እግሬ ብቻውን ተባረከ፤ ግራው ለብ ባለ ቅናት አጠገቡ ተቀምጦ ያይ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ገንፎው መጣ። አማቴ ከቡሌ ድረስ ቡላ ልካለች። «ይህን ከበላ ማንም አይገፋውም» ብላለች። እውነቷን ነው። ሁለት ሳህን የቡላ ገንፎ በቅቤ ከበላሁ በኋላ ማንም ሊገፋኝ አይችልም ነበር፤ እኔም ራሴን መግፋት አልቻልኩም። ጨዋታው ሲጀመር የመጀመሪያዎቹን ሃያ ደቂቃዎች የሮጥኩት ጭነት እንደያዘ አይሱዙ፣ ዳገት ላይ ማርሽ እየቀየርኩ ነው።

ተጋጣሚያችን ከይርጋጨፌ የመጣ ቡድን ነበር። እንግዳው አሰልጣኝም መጣ። ከሩቅ ያየሁት ጥቁር መነጽሩን፣ ሰፊ ኮፍያውንና የሚጽፍበትን ደብተር ብቻ ነው። የመሃል መስመሩ አጠገብ የፕላስቲክ ወንበር ሰጡት። ከእሱ ጀርባ የጪጩ ሰው ግማሹ ቆሟል፤ ሌላው ግማሽ በእኔ በኩል አልጋዎቹ ላይ ቡና እየለቀመ አንገቱን አስግጎ ጨዋታ ያያል።

የመጀመሪያው አጋማሽ አላሳፈረኝም። ገንፎው ወደ ታች ሲወርድልኝ እግሬ ተፈታ። እንዲያውም አንዴ ኳስ ወደ ቀኝ እግሬ መጣች። እኔ ቀኝ እግሬን የምጠቀምበት ባጃጅ ለመሳፈር ነው። ምን እንደነካኝ ሳላውቅ መታኋት። ኳሷ ሜዳውን አቋርጣ ሄዳ ምንተስኖት እግር ላይ ቁጭ አለች። ዳር ቆሞ የነበረው ወንጌላዊ ሁለት እጁን አንስቶ «ሃሌሉያ!» አለ፤ ሰዉም ተከተለው። ምንተስኖት ግን አልተጸለየለትም ነበርና በበረኛው አናት ላይ አሳልፎ ሰደዳት።

በእረፍት ሰዓት አስቴር አጥሩ ጋ መጥታ ውኃ ሰጠችኝ።

«አንተ ሰማዩን ተወው» አለችኝ። «ሰማዩን እኔ አያለሁ። አንተ ኳስህን ተጫወት።»

«ለጋሽ ሸምሱ ቃል ገብቻለሁ እኮ።»

«እኔ አለሁ አልኩህ።»

በሁለተኛው አጋማሽ ሜዳ ስለምንቀያየር የግራ መስመሬ ወዲያ ማዶ፣ ከአልጋዎቹ በጣም ሩቅ ሆነ። በእኔና በቡናው መካከል አንድ ሙሉ የእግር ኳስ ሜዳ አለ። በተጀመረ በአሥር ደቂቃው ገደማ ቀና ብዬ በቡሌ በኩል ሳይ አንዲት ደመና ተራራው ላይ ብቅ ብላለች። ትንሽ ነች። «ምንም አይደለችም» አልኩና ወደ ኳሱ ተመለስኩ። ተመልሼ ሳያት አድጋለች። እንደገና ሳያት ጎረቤቶቿን ጠርታለች። በዚህ መሃል የይርጋጨፌው ሰባት ቁጥር በጎኔ ሲያልፍ ነፋስ መሰለኝ። ዞር ስል ኳሷ መረባችን ውስጥ ናት።

አሰልጣኝ በየነ መስመሩን አልፈው ሊገቡ ምንም አልቀራቸውም። «ምን ሆነሃል አንተ?! ኳሱ ሰማይ ላይ ነው ያለው?!»

«አሰልጣኝ፣ ደመና!»

«ደመና የቀኝ መስመር አይጫወትም! ሰባት ቁጥሩን ያዝ!»

ይህን ብለው እሳቸውም ቀና አሉ። ቤታቸው ጓሮ ምንጣፍ ላይ የተሰጣ ቡና እንዳላቸው ሁላችንም እናውቃለን። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ነፋሱ ወዴት ነው የሚነፍሰው?» አሉኝ።

እንግዳውን ሰረቅ አድርጌ አየሁት። ደብተሩ ላይ የሆነ ነገር እየጻፈ ነው። ስለ እኔ ምን እንደሚጽፍ ለመገመት ማንበብ አያስፈልግም። «አለቀልህ፤ መጋዘን ጠባቂ ነህ» አልኩ ለራሴ። ልክ በዚህ ጊዜ ሜዳው ላይ ጥላ ወደቀ፣ ነፋሱ አቧራ አነሳ፣ አፍንጫዬ ላይ ጠብ አለ። አንድ ጠብታ። በኋላ ሳስበው ላቤ ነው። ያኔ ግን ማን ያስባል? እግሬ ከእኔ ቀድሞ ተነሳ።

ሜዳውን አቋርጬ ሮጥኩ። ይርጋጨፌዎች እያጠቁ ነው፤ እኔ በመሃላቸው አልፌ ወደ ሌላ አቅጣጫ እሮጣለሁ። ዳኛው አጠገብ ስደርስ «ወዴት ነው?!» አለኝ።

«ቡና!» አልኩት።

ያቺ ቃል ሁሉን ነገር ጨረሰች። ዳኛው ቀና አለ፤ ምንተስኖት ቀና አለ፤ ሰባት ቁጥሩ ኳሷን በእጁ አንስቶ ብብቱ ስር ወሸቀና ተከተለኝ። የእኛ ቡድን፣ የእነሱ ቡድን፣ ተቀያሪዎች፣ ተመልካች፣ ሁሉም ግር ብሎ ወደ አልጋዎቹ ነጎደ። ማንም የማን ቡና ነው ብሎ አልጠየቀም። ዳኛው ብቻ በሌላ አቅጣጫ፣ ወደ ገዛ ቤቱ ሮጠ። ፊሽካውን ከአፉ ስላላወጣ በተነፈሰ ቁጥር ይነፋል፤ ድምፁ በጪጩ መንደር ውስጥ ፊጥ ፊጥ እያለ ሲርቅ ይሰማን ነበር። ሜዳ ላይ የቀረው የይርጋጨፌዎች በረኛ ብቻ ነው። እሱ የሌላ አገር ልጅ ነው፤ ገና መምጣቱ ነበር። «ምንድን ነው? ኧረ ምን ተፈጠረ? አውሬ ነው እንዴ?» እያለ የጎሉን ብረት ተደግፎ ይጮሃል።

አልጋዎቹ ጋ ስንደርስ አስቴርና ሴቶቹ ፕላስቲኩን መዘርጋት ጀምረዋል። ሰዉ ግን በዝቶ እርስ በርሱ ይጋጫል፤ አንዱን ጫፍ አምስት ሰው ይጎትታል፣ ሌላው ጫፍ መሬት ይጠርጋል። እኔ በሕይወቴ አምበል ሆኜ አላውቅም። ሜዳ ላይ አፌን የምከፍተው ለመተንፈስ ነበር። እዚህ ግን ያለሁት ሥራዬ ላይ ነው።

«ሁለት ሁለት ሁኑ!» ብዬ ጮህኩ። «አንድ ሰው በዚህ፣ አንድ ሰው በዚያ! ምንተስኖት፣ ወደ ኋላ ተመለስ፣ ሦስተኛው ክፍት ነው! ሰባት ቁጥር፣ አንተ ከእሱ ጋር! በአንዴ እናንሳ! አንድ፣ ሁለት፣ ሳብ!»

አሥራ አንደኛው አልጋ ጋ ስደርስ አንድ ወፍራም ሰውዬ ራሱን በእጁ ሸፍኖ፣ ዓይኑን አጨንቁሮ ቆሟል። ፕላስቲኩ እግሩ ስር ወድቋል።

«አንተ! አዎ፣ አንተ ቦርጫሙ! ምን ትገተራለህ? ጫፉን ያዝ!»

«እኔን ነው?» አለ።

«አይ፣ ጥላህን ነው! ያዝ እንጂ! ዝቅ በል! ጎንበስ ማለት አታውቅም?»

አልጋው ማዶ ያለችው አስቴር ዓይኗን አፍጥጣ ራሷን ትነቀንቅልኛለች። «ቀስ በል፣ ሰውዬው እኮ...» ስትል «ዝም በይ!» አልኳት። «ይሄ ሰውዬ በሕይወቱ ሥራ ሠርቶ አያውቅም! ሳብ! ወደ ራስህ ሳብ! አሁን ድንጋይ አድርግበት። ጎበዝ!» ብዬ ትከሻውን መታ መታ አድርጌው ወደ ቀጣዩ አለፍኩ።

አልጋው ሁሉ ተሸፍኖ ሲያልቅ ይህ ሁሉ ሰው እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ሰማዩን አየ። ደመናዋም ከላይ ሆና አየችን። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ምንም ጉዳይ እንደሌላት ሁሉ፣ ወደ ይርጋጨፌ አቅጣጫ መሄድ ጀመረች። ፀሐይ ወጣች። አንዲት ጠብታ አልወረደም። እኛ መሳቅ ስንጀምር ይርጋጨፌዎቹ ግን አልሳቁም፤ ደመናዋ ወደ እነሱ አገር ነው የምትሄደው። ሁሉም በአንዴ ወደ ቦርሳቸው ሮጠው ስልክ አወጡ። «እማ! ሸፍኚ! ኧረ አሁኑኑ ሸፍኚ!» የሚል ድምፅ ብቻ ሆነ።

ያኔ ወፍራሙ ሰውዬ ከመሬት ላይ በነፋስ የተወሰደበትን ሰፊ ኮፍያ አነሳ፤ አራገፈውና ራሱ ላይ አደረገው። ከኪሱ ጥቁር መነጽር አወጣ። ወደ ኋላ ማፈግፈግ ጀመርኩ፤ የተባረከው እግሬ ቀደመ።

«ልነግርህ ነበር እኮ» አለች አስቴር።

ጨዋታውን ለመቀጠል ኳስ ጠፋ። ሰባት ቁጥሩ የሆነ አልጋ ላይ አስቀምጧታል፤ የቱ እንደሆነ ግን አያስታውስም፤ ፕላስቲክ ለብሳለች። አልጋዎቹን አንድ በአንድ እየዳበስን ዘጠነኛው ላይ አገኘናት፤ ቡና ውስጥ ተቀብራ ዶሮ እንደታቀፈችው እንቁላል ሞቃለች። ዳኛው በባጃጅ ተመለሰ። «የት ላይ ነበርን?» አለ። ማንም አላወቀም። ኳሷን መሃል ላይ ጣለና ቀጠልን።

እኔ ሁሉ ነገር እንዳለቀ አውቄያለሁ። የሚፈርድብኝን ሰው ቦርጫም ብዬ፣ አንተ ብዬ፣ ጎንበስ በል ብዬ አዝዣለሁ። የሚፈራ ነገር ስላልቀረኝ አፌም አልዘጋ አለ። አልጋ ላይ የጀመርኩት ጩኸት ሜዳ ላይ ቀጠለ። «ወደ ኋላ! ተጠጋጉ! ክፍት ነው፣ ሙላው!» ስል ተከላካዮቻችን በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ መስመር ቆሙ። ሰባት ቁጥሩ ሁለተኛ አላለፈኝም፤ በእርግጥ ግማሽ ልቡ እናቱ ጋ ነበር። ሊያልቅ ሲል በግራ እግሬ አሻማሁ፤ ምንተስኖት በግንባሩ አገባት። አንድ ለአንድ።

ፊሽካው እንደተነፋ በጓሮ በኩል ላመልጥ ስል እንግዳው ጠራኝ።

«አንተ ልጅ፣ ና እስኪ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ጌታዬ» አልኩ ገና ሳልደርስ። «እርስዎ መሆንዎን አላወቅሁም። ያ ቦርጫም ያልኩት...»

«እሱን ተወው፤ ባለቤቴም ትለኛለች። ዕድሜህ ስንት ነው?»

«ሃያ ሦ...» ብዬ ጀመርኩ። መነጽሩን አውልቆ አየኝ። ከዚያ ሁሉ ውርደት በኋላ አንድ ውሸት ምን ያደርግልኛል? «ሃያ ስምንት» አልኩ።

ሳቀ። «እግዜር ይስጥህ። የእኔ አምበል መዝገብ ላይ ሃያ ሦስት እንዳለ ስድስት ዓመት አለፈው። ስማኝ፣ እኔ አራት ተከላካይ አለኝ፤ አራቱም አፋቸውን የሚከፍቱት ለምሳ ነው። ባለፈው ዓመት ያ ሁሉ ጎል የገባብኝ አንዱ ሌላውን ሳይጠራ ቀርቶ ነው። አንተ ሁለት ቡድን ከነተመልካቹ፣ እኔንም ጨምረህ፣ በአንዴ አሰለፍክ። እኔን በሕይወቴ እንደዚያ ጎንበስ ያደረገኝ የለም።» ወገቡን ያዝ አደረገ። «እግርህን አይቼዋለሁ፤ ክፉ አይደለም። አፍህን ግን እፈልገዋለሁ። ምንተስኖትን እንደገና አየዋለሁ፤ አንተ በሚቀጥለው ሳምንት ና። ሙሉ ጊዜ ኳስ ብቻ ነው፤ ሌላ ሥራ የለም።»

አሰልጣኝ በየነ እንደሚሉት የሰውዬውን እጅ ይዤ አልለቅ አልኩ፣ እሳቸው ናቸው ያላቀቁን። ደስታው ግን እስከ አጥሩ ድረስ ብቻ ነው የዘለቀው። አጥሩ ጋ ስደርስ ጋሽ ሸምሱ ትዝ አሉኝ። ክረምት ከበጋ ያበሉኝ ሰው ናቸው፤ ሥራውን ለእኔ ብለው ይዘውልኛል፣ እኔ ደግሞ በለቀማ መሃል ጥያቸው ልሄድ ነው። ንግግሬን እያጠናሁ ገባሁ።

ከሴቶቹ ጋር ፕላስቲክ እየገለጡ ነው።

«ጋሽ ሸምሱ፣ አንድ ነገር ልነግርዎት ፈልጌ ነበር። ስለዚያ ስለ መጋዘኑ ሥራ...»

«የምን የመጋዘን ሥራ?» አሉኝ። «ለሌላ ሰው ሰጥቼዋለሁ እኮ።»

«ለሌላ ሰው? መቼ?»

«ማክሰኞ። አስቴር ናት መጥታ የነገረችኝ። ‹እሱ ኳስ ተጫዋች ነው፤ መጋዘን አይገባም። እሱን ብለው ሌላ ሰው እንዳያሳልፉ› አለችኝ። ምነው፣ አልነገረችህም? ሰውዬውስ ወሰደህ?»

«ወሰደኝ።»

«አልሐምዱሊላህ!» ብለው ትከሻዬን ያዙኝ። ሌላም ብዙ መረቁኝ። እኔ ግን መስማት አቁሜ ነበር። ማክሰኞ! ሰውዬው እንደሚመጣ የሰማነው ሐሙስ ነው። ጣቴን እያጠፍኩ ቆጠርኩ፤ ደግሜ ቆጠርኩ። ያ ደብተር የያዘ ሰው ፊቱን ቢያዞርብኝ ኖሮ ክለብ የለ፣ መጋዘን የለ፣ ሁለት ክፍል ቤት የለ።

አስቴር አሥራ አንደኛው አልጋ አጠገብ ቆማ ትለቅማለች። ማዶ ሆኜ ቆምኩ።

«ማክሰኞ ዕለት የሚመጣ ሰው እንዳለ ታውቂ ነበር?»

«ከየት አውቃለሁ?» አለች፤ ዓይኗን ከቡናው አላነሳችም።

«ታዲያ ባይወስደኝስ ኖሮ? ምን ልንሆን ነበር?»

«ምን እንሆናለን? አንተ ትጫወታለህ፣ እኔ እለቅማለሁ። እስከ ዛሬ ምን ስናደርግ ነበር?» አንዲት የተበላሸች ፍሬ አወጣችና ጣለች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። «እንዲያው መጋዘን ውስጥ ተቀምጠህ ሳስብህ ጨነቀኝ።»

መልስ ልሰጣት አፌን ከፈትኩ፤ ያ ሰውዬው የፈለገው አፌ እምቢ አለኝ። እንባዬ ጉንጬ ላይ ወረደ። አልጋው ዙሪያ ያሉት ሴቶች በሙሉ ዞረው አዩኝ። ዝናብ ነው እንዳልላቸው፣ ሰማዩ ከዳር እስከ ዳር ጥርት ብሏል።